ባለቤቴ አያግዘኝም

"ታድለሽ! ባልሽ እኮ ያግዝሻል።"

ልጃችን ከተወለደች ወዲህ ይህን ያልነገረኝ ሰው ቢኖር ገና ያልተዋወቅነው ነው። ጎረቤቶቼ ይሉኛል፤ አብረውኝ የሚያስተምሩ ሴቶች ይሉኛል። ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥልኝ ደንበኛዬ ሳትቀር፣ ባለቤቴ ልጅቷን ታቅፎ ዘንቢል ይዞ ያየችው ቀን ሁለት ራስ ሽንኩርት መርቃ "ዕድለኛ ነሽ" ብላኛለች። ከልባቸው ነው የሚሉት። እኔም ከልቤ የምመልሰው አንድ መልስ አለኝ፦ "የለም፣ ባለቤቴ አያግዘኝም።"

ይደነግጣሉ። አንዳንዶቹ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "ምን ሆናችሁ?" ይላሉ። ምንም አልሆንም። ቃሉ ስለማይስማማኝ ነው። አንድ ሰው ሌላውን ሰው አገዘ የሚባለው ሥራው የሌላኛው ሲሆን ነው። ጎረቤቴ ቡና ስትወቅጥ ሙቀጫውን ብቀበላት አገዝኳት፤ ቡናው የእሷ ነውና። የራሴን ቡና ስወቅጥ ግን ማንን ነው የማግዘው?

ስለዚህ ቃል ለመጻፍ ያነሳሳኝ ያለፈው ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ቤታችን ውስጥ የተነሳው ጥያቄ ልጅ መታቀፍና ዕቃ ማጠብ ላይ አልቆመም፤ እኔ ሥራዬን ልተው ወይስ አልተው የሚል ነበር።

በግቢያችን ውሃ ሲመጣ

እኔ የተወለድኩት አዲስ አበባ ነው። አምቦ የመጣሁት ዩኒቨርሲቲ ተመድቤ ሲሆን፣ ትምህርቴን ስጨርስ ከተማዋን የምተውበት ምክንያት ጠፋብኝ። ባለቤቴ የቶኬ ኩታዬ ልጅ ነው፤ ከጉደር ወዲያ ካለ የገጠር ቀበሌ። ከተጋባን አራት ዓመት ሊሆነን ነው። እኔ በአንድ የግል ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ እሱ ከአምቦ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ጉደር፣ በአንድ የግል ፋብሪካ መካኒክ ነው። የምንኖረው ሌሎች ሦስት ተከራዮች ባሉበት ግቢ ውስጥ በሁለት ክፍል ቤት ነው።

አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ አምቦ ሲባል ትዝ የሚላቸው ጠርሙሱ ነው። "እናንተማ በአምቦ ውሃ ነው የምትታጠቡት" እያሉ ይቀልዱብኛል። የጠርሙሱ ውሃ የሚታሸገው ከከተማው ወጣ ብሎ ሰንቀሌ ነው። የእኛ ግቢ ቧንቧ ግን በፈረቃ ነው የሚሠራው፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም ብዙውን ጊዜ ሌሊት። ውሃ ሲመጣ ቧንቧው መጀመሪያ ያስላል፤ ቀጥሎ ያፏጫል፤ ከዚያ ይንጠባጠባል። ያን ሳል ሰምቶ የሚነሳ ሰው ያለበት ቤት ጄሪካኑን ይሞላል። ሳይሰማ ያደረ ሦስት ቀን ከጎረቤት ይለምናል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ በአንድ ቤት ውስጥ ያንን ሳል የሚሰማው ጆሮ የማን ነው? ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ ጄሪካን የሚሸከም ባል ብዙ አውቃለሁ። ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ "ውሃ መጥቷል፣ ተነሳ" ሲባሉ ሳያጉረመርሙ ይነሳሉ። እነዚህ ያግዛሉ። ሚስት ግን ሌሊቱን በግማሽ ጆሮዋ ነው የምትተኛው። ሸክሙን ወንዱ ቢያነሳውም ንቃቱ የእሷ ነው።

የእኛ ቤት ልማድ የተለየ ነው። ሰኞ ማታ የእሱ ጆሮ ነው፤ ሐሙስ ማታ የእኔ። ተራዬ ባልሆነ ሌሊት ቧንቧው ቢያስልም አልሰማውም። ያ እንቅልፍ ምን ያህል ጣፋጭ እንደሆነ እናቶች ያውቁታል።

ለሁለት ሰው አንድ ቃል

ነገሩን ሳስበው ቋንቋችን መልሱን ቀድሞ ይዞታል። ባል ሚስቱን ሲያስተዋውቅ "ባለቤቴ ናት" ይላል፤ ሚስትም ባሏን "ባለቤቴ ነው" ትላለች። አንዱ ባለቤት፣ ሌላው ረዳት አይባልም። ቤቱ የሁለቱም ነው። በባለቤቴ ቋንቋ በአፋን ኦሮሞም ሚስት "ሃደ መና" ናት፤ የቤት እናት። ባል "አባ መና" ነው፤ የቤት አባት። ሁለቱም በቤቱ ይጠራሉ። ታዲያ የገዛ ቤቱን የሚያግዝ ባለቤት የት አለ?

ሕጉ ግን ቋንቋው የደረሰበት ለመድረስ ጊዜ ወስዶበታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ ራስ መሆኑን፣ ሚስትም በሕጋዊ ነገር ሁሉ ልትታዘዘው እንደሚገባ ይደነግግ ነበር። ባል ሠራተኛ የሚቀጥርበት አቅም ከሌለው ደግሞ የቤቱን ሥራ የመሥራት ግዴታ የሚስት ነበር። እናቴ ስትዳር የነበረው ሕግ ይህ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ሴቶችና ወንዶች በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው አሰፈረ። ኦሮሚያ ክልልም በ1995 ዓ.ም. ባወጣው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት ቤተሰባቸውን በእኩልነት እንዲመሩ አደረገ። እኔና ባለቤቴ የተጋባነው በዚህኛው ሕግ ነው። ቤት ውስጥ ያለው ልማድ ግን አሁንም ከ1952ቱ አልወጣም። "ያግዝሻል" የሚለው ምስጋና ራሱ ከዚያ ዘመን የተረፈ ነው።

ሸነንና ሦስቱ ቀናት

ልጃችን የተወለደችው በጥር ወር ነው። የባለቤቴ እናት ከገጠር መጡ። ልጃቸው "አዮ" ነው የሚላቸው፤ እኔም አዮ እላቸዋለሁ። አምስተኛው ቀን ሸነን ነበር፤ ስሙም ከአምስት ቁጥር የመጣ ነው። የግቢያችንና የሰፈራችን ሴቶች ተሰበሰቡ፤ አዮ ገንፎውን አገንፍተው መሐሉን በቅቤ ሞሉት፤ ሴቶቹ መረቁኝ፣ ዘፈኑልኝ፣ አናቴን ቅቤ ቀቡኝ። አዲስ አበባ ያደግሁ ብሆንም እንደዚያ ቀን በሰው መሐል የተደላደልኩበት ጊዜ አላስታውስም። ወላድ ሥራ አትነካም። እሳት አታነድም፤ ውሃ አትቀዳም። አባቶቻችንና እናቶቻችን መውለድ ትልቅ ሥራ እንደሆነ፣ ወላድም ብዙ እጅ እንደሚያስፈልጋት ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ብቻ እጆቹ ሁሉ የሴት ናቸው። ባለቤቴ በዚያ ቀን ደጅ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጦ ነበር፤ ገንፎው በሳህን ወጣለት።

የእሱ የአባትነት ፈቃድ ግን በሸነን ቀን አልቆ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ቀድሞ ከወሊድ በኋላ ያለው 60 ነበር፤ መጨመሩ ትልቅ ነገር ነው። ለአባት ደግሞ 3 ተከታታይ ቀናት ተፈቅዶለታል። በሦስት ቀን አንድ አባት ምን ያደርጋል? አንዱን ቀን ጤና ጣቢያ ያድራል፤ ሁለተኛውን ቀን ስልክ ሲመልስ ይውላል፤ ሦስተኛውን ቀን ልጁን ገና ማየት ሲጀምር ያልቃል። ባለቤቴ ያጠራቀመውን የዓመት ዕረፍት ጠየቀ፤ አሥር ቀን ተፈቀደለት።

በእነዚያ አሥር ቀናት ነው ነገር የመጣው። አንድ ጠዋት አዮ ከገበያ ሲመለሱ ልጃቸው ግቢ ውስጥ ቁጢጥ ብሎ የሽንት ጨርቅ ሲያጥብ አገኙት። አልተቆጡም። ቁጣ ቢሆን ይሻል ነበር። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብስበው ገቡና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብለው፣ "እኔ እያለሁ?" አሉኝ።

ያቺ ጥያቄ ብዙ ነገር አላት። "እኔ እያለሁ ልጄ ለምን ይዋረዳል?" ብቻ አይደለችም። "እኔ ለምን መጣሁ? ሥራዬን ለምን ወሰደብኝ?" የሚልም አለባት። አዮ ስድስት ልጅ አሳድገዋል። በዚህ ዓለም ላይ ማንም የማይከራከራቸው እውቀት ቢኖር ይህ ነው። እሳቸውን ማስቀየም አልፈለግንም። እሱም ጨርቁን መተው አልፈለገም። ማታ ላይ አጠገባቸው ተቀምጦ ያላቸውን አልረሳውም፦ "አዮ፣ የማጥበው አንቺን ለማሳፈር አይደለም። አንቺ ስትሄጂ ይህን ቤት የማላውቅ ሰው እንዳልሆን ነው።"

አዮ አልተስማሙም። ግን ስምምነት ላይ ደረስን፤ የሁለቱ ልዩነት ለባለትዳሮች ግልጽ ነው። ጨርቁን እሱ ያጥባል፤ የሚያሰጡት እሳቸው ይሆናሉ። ገመዱም ከመንገዱ በኩል ተነስቶ ወደ ጓሮ ዞረ። እንዲህ ሆኖ ሁለት ወር ሙሉ በሰላም ኖርን።

90 ቀን ሲያልቅ

በመጋቢት አዮ ከብቶቻቸውና ቤታቸው ጠራቸውና ሄዱ። የእኔ ፈቃድ ደግሞ ሚያዝያ ላይ ሊያልቅ ነው። ሐኪሞች ለሕፃን ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይሰጥ ይላሉ። ሕጉ የሚሰጠኝ ሦስት ወር ነው። በሁለቱ መካከል ያሉት ሦስት ወራት የማን ናቸው? መልሱን ሁሉም ሰው ያወቀልኝ መሰለ። "ለጊዜው ሥራሽን ተይው፤ ልጅቷ ከፍ ስትል ትመለሻለሽ።" እናቴ ሳትቀር ከአዲስ አበባ ደውላ ይህንኑ አለችኝ።

ምክሩ የክፋት አይደለም። ግን ሥራ የለቀቁትን ሴቶች አውቃቸዋለሁ፤ በእኛ ግቢ ብቻ ሁለት አሉ። አንዷ ነርስ ናት፤ "ለጊዜው" ካለች ስድስት ዓመት ሆኗታል። የግል ትምህርት ቤት መምህር ቦታ ደግሞ ጠብቆ አይቆይም። ከዚያም በላይ፣ በሁለት ደመወዝ የሚከፈል የቤት ኪራይና በሁለት ደመወዝ የሚሸመት ጤፍ በአንድ ደመወዝ እንዴት እንደሚሆን ሒሳቡ አልመጣልኝም። ሒሳቡ ቢመጣም ማስተማር እወዳለሁ።

በባለቤቴና በእኔ መካከል "ቤቱ የማን ነው?" የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ፈተናው የመጣው እዚህ ጋ ነው። የሚያግዝ ሰው ቢሆን ኖሮ "አንቺ ምን ወሰንሽ? የወሰንሽውን እደግፋለሁ" ይል ነበር። አባባሉ ያምራል፤ ጣጣውን ግን እኔ ትከሻ ላይ ይተወዋል። እሱ ያለው ሌላ ነው። "ስድስት ወር የሚሞላት ሐምሌ ላይ ነው። ሦስት ወር ለሁለት እንካፈል።"

ሄዶ አለቃውን ጠየቀ። ፋብሪካው ሁለት ፈረቃ አለው፤ እሱ ሁልጊዜ የጠዋቱ ነበር። ወደ ከሰዓቱ እንዲያዛውሩት ጠየቀ። "ልጅ የምታሳድገው አንተ ነህ እንዴ?" አሉት። "አዎ" አለ። ተዛወረ። ግን በዚያው ሰሞን የፈረቃ ኃላፊ ሊያደርጉት አስበው ነበር፤ ያ ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ይህን የማነሳው ለማማረር አይደለም። አባትም የሚከፍለው ዋጋ እንዳለ፣ ዋጋውም በብር የሚቆጠር መሆኑን ለመናገር ነው። እናቶች ይህን ሒሳብ ለብዙ ዘመን በዝምታ ሲከፍሉ ኖረዋል።

እኔም በበኩሌ ርእሰ መምህሩን አነጋግሬ ክፍለ ጊዜዎቼን ሁሉ ጠዋት አስደረግሁ። ቀናችን እንዲህ ሆነ። ልጅቷን አጥብቼ ከአንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ እወጣለሁ። ያለብኩትን ወተት በተቀቀለ ኩባያ ክዳን አድርጌ እተዋለሁ። ማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ አራት ቀን፣ ውጭ ሲሆን ግን ከአራት ሰዓት በላይ መቆየት እንደሌለበት ጤና ጣቢያ ነግረውናል፤ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የሚቆጥረው እሱ ነው። በጡጦ ሳይሆን በትንሽ ሲኒ ቀስ እያደረገ ያጠጣታል። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ እመለሳለሁ። ሰባት ሰዓት ላይ እሱ ይወጣል። በሰርቪስ ተመልሶ ቤት የሚደርሰው ሌሊት አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

የአሥራ አራት ሳምንት ክትባቷን ያስከተባት እሱ ነው። የስድስቱንና የአሥሩን አብረን ሄደን ነበር፤ ይህኛው ግን እኔ የማስተምርበት ቀን ላይ ዋለ። ሰልፉ ላይ ወንድ እሱ ብቻ ነበር። "እናቷስ?" ብለው ጠየቁት። "ሥራ ላይ ናት" አለ። አንዲት እናት አዝና፣ ሚስቱ የሞተችበት መስሏት፣ ወረፋዋን ለቀቀችለት። ሲነግረኝ ስቄ ስቄ አለቅሁ። በኋላ ሳስበው ግን ሳቁ ተቋረጠብኝ። አንድ አባት ልጁን ይዞ ብቻውን ለመታየት ሚስቱ መሞት አለባት?

የበሩ ላይ ትዳር

ሁሉ ነገር ያማረ ነበር ካልኩ አንባቢን መደለል ይሆናል። ለሦስት ወር የምንገናኘው በር ላይ ነበር። እኔ ስገባ እሱ ይወጣል። "በልታለች፣ ተኝታለች፣ ጋዙ ሊያልቅ ነው፣ ደህና ዋይ።" ሌሊት ሲመጣ እኔ እንቅልፍ ላይ ነኝ። እንደ ሁለት ዘበኛ ፈረቃ እየተቀያየርን አንድ ቤት እንጠብቅ ነበር። ሥራው በትክክል ተካፈለ፤ እኛ ግን ተራራቅን። አንድ ማክሰኞ ቀን ፊቱን ትክ ብዬ ሳየው ጢሙን አሳድጎ ነበር። ከመቼ ወዲህ እንደሆነ አላውቅም።

ቁጥር ደግሞ መጣ። "ትናንት ሌሊት የተነሳሁት እኔ ነኝ።" "ዕቃውን ሦስት ቀን ያጠብኩት እኔ ነኝ።" ገበሬ ሲሠራ ሁለት ዓይነት መተባበር እንዳለው ታውቃላችሁ። አንደኛው ደቦ ነው። የእርሻው ባለቤት ይጠራል፣ ያበላል፣ ያጠጣል፤ የተጠራው ሰው ሠርቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሁለተኛው ወንፈል ነው። ዛሬ ለአንተ፣ ነገ ለእኔ፤ ቀን በቀን ይቆጠራል፣ ብድር ይመለሳል። ብዙ ትዳር የሚኖረው በደቦ ነው፦ ሚስት ባለእርሻ፣ ባል ተጠሪ። እኛ ከደቦ አመለጥን ብለን ወንፈል ውስጥ ገባን። ቤት ግን ወንፈልም አይደለም። ብድር የሚቆጠርበት ቤት ውስጥ ሁሌም አንዱ ባለዕዳ ነው።

ከወንፈሉ ያወጣን እሑድ ነው። እሑድ ሁለታችንም ቤት ነን። ከሰዓት በኋላ ቡና እናፈላለን። ብዙውን ጊዜ የሚቆላው እሱ ነው፤ እጁ ከእኔ ይልቅ ትዕግሥት አለው። አንድ ደብተር ገዛን። ያለፈው ሳምንት ማን ምን እንደሠራ አንጽፍበትም፤ ይህን ከለከልን። የምንጽፈው የሚመጣውን ሳምንት ነው፦ ምን ሊያልቅ ነው፣ የማን ዕቁብ መቼ ነው፣ አዮ ጋ ማን ይደውላል፣ የውሃው ሌሊት የማን ነው። ከእያንዳንዱ ጎን አንድ ስም አለ። ስሙ ያለበት ሰው ያስባል፣ ያስታውሳል፣ ይጨርሳል፤ ሌላው አይጠይቅም፣ አያስታውስም፣ አያርምም። ይህ የመጨረሻው ለእኔ ከባድ ነበር፤ የእሱ ጨጨብሳ ከእኔው ይወፍራል። ይወፍር። የሚበላው ቁርስ ነው፤ የሚበልጠው ደግሞ ቁርስ መኖር አለበት ብሎ ያሰበው እሱ መሆኑ ነው።

ደብተሩ ሲዘጋ ስለ ሥራ ማውራት ክልክል ነው። ልጅቷ ከተኛች ሦስተኛውን ቡና ዝም ብለን እንጠጣለን። አንዳንዴ ሁሉቃ ወንዝ ዳር ድረስ በእግራችን እንሄዳለን። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ነው ያዳነን።

የሌላ ሰው ልጅ

ሐምሌ ላይ ልጃችን ስድስት ወር ሞላት፤ ትምህርት ቤትም ተዘጋ። መስከረም ሲመጣ ሌላ ጥያቄ ተነሳ፦ ሞግዚት። በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ቀላሉ መንገድ የታወቀ ነው፤ ከገጠር አንዲት ልጅ ማምጣት። አዮ ራሳቸው የዘመድ ልጅ ሊልኩልን ነበር። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ስድስተኛ ክፍል ናት።

ይህን ያልተቀበልነው እኛ የተሻልን ሰዎች ስለሆንን አይደለም። አስተማሪ ነኝ፤ መስከረም ላይ ወንበራቸው ባዶ የሚሆን ልጃገረዶችን በስም አውቃቸዋለሁ። የእኔን ሥራ ለማዳን የሌላዋን ትምህርት ማቋረጥ ሸክሙን ከአንዲት ሴት ወደ ሌላዋ ማሻገር ነው፤ ያውም ወደ ትንሿ። በሰው ቤት የሚሠሩ ሠራተኞች በዚያው እኔን 90 ቀን በሰጠኝ አዋጅ ውስጥ አልተካተቱም። እኔ የምኮራበት መብት የእሷ አይደለም። ስለዚህ ልጆቻቸው ያደጉላቸው አንዲት የሰፈራችን እናት በግማሽ ቀን እንዲይዙልን ተስማማን፤ ክፍያቸውን በየወሩ መጀመሪያ እንሰጣለን፤ እሑድ ያርፋሉ። ዋጋው ከዘመድ ልጅ ይበልጣል። ባለቤቴ ወደ ጠዋቱ ፈረቃ ተመለሰ። ከሥራ ሲመለስ ልጅቷን የሚቀበለው ግን አሁንም እሱ ነው፤ ደብተሩ ላይ የእሱ ስም አለበት።

አዮ አሁንም ይደውላሉ። መጀመሪያ የሚጠይቁት "ልጄ በላ ወይ?" ብለው ነው። ቀጥለው ስለ ልጅቷ፤ በመጨረሻ ስለ እኔ። ተራው አልተለወጠም፤ እንዲለወጥም አልጠብቅም። ባለፈው ፋሲካ ስንሄድ ግን አንድ ነገር አየሁ። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ነበር። አዮ ድንገት ዞር ብለው "ተነስና ውሃ ቅዳ፤ ወንድምህ ጨርቅ ሲያጥብ ክንዱ አልተሰበረ" አሉት። ሁላችንም ሳቅን። ልጁ ጄሪካኑን አንስቶ ወጣ።

በቅርቡ የምትጋቡ፣ ወይም ተጋብታችሁ የመጀመሪያ ልጃችሁን የምትጠብቁ ካላችሁ፣ ከአልጋና ከቁም ሳጥን በፊት ተቀምጣችሁ አንድ ነገር ተነጋገሩ። "ታግዘኛለህ?" አትበይው፤ "አግዝሻለሁ" አትበላት። የዘጠናው ቀን ማግሥት ልጁን ማን እንደሚይዝ፣ የማን ፈረቃ እንደሚለወጥ፣ የማን ዕድገት እንደሚዘገይ አሁን ተነጋገሩ። ያኔ ሁለታችሁም እንቅልፍ አጥታችሁ ስለምትሆኑ ንግግሩ ጭቅጭቅ ይሆናል። መልሳችሁ ከእኛ ሊለይ ይችላል፤ እናት ቤት መቀመጥ ከመረጠችም ምርጫው ክቡር ነው፤ ብቻ የሁለት ሰው ምርጫ ይሁን።

ነገ ሰኞ ነው። የውሃው ሌሊት የእሱ ነው። እኔ እተኛለሁ።